የአራሷ ዳስ

ሥራ ያስረከብኩ ዕለት ትርሐስ አንድ ጥያቄ ጠየቀችኝ። ትርሐስ በእኔ ቦታ የተተካችው የችግኝ ጣቢያችን ካቦ ናት፤ ካቦ የምንለው የሠራተኛ አለቃን ነው። አካፋውን፣ ወንፊቱን፣ ውሃ ማጠጫውን ከተረካከብን በኋላ በመደቦቹ መሐል እየዞርን ሳለ እሬቱ አጥር ሥር ካለችው ትንሽ ዳስ ፊት ቆም አለች። አራት ባላ ተተክሏል፣ ከላዩ ሣር ለብሷል፣ ከሥሩ ግን ባዶ መሬት ነው።

«አያ ሞላ፣ ይቺ መደብ ምን ሆና ባዶዋን ተቀመጠች? ጥላ አላት፣ ችግኝ የላትም።»

«የአራስ ናት» አልኳት።

«የማን አራስ?»

«ነገሩ ረጅም ነው ልጄ።»

«እንግዲያው ይጻፉት። ከእንግዲህ ምን ሥራ አለብዎ?» ብላ ሳቀች።

እኔ ፊደል የቆጠርኩት በመሠረተ ትምህርት ዘመን፣ ጢም ካወጣሁ በኋላ ነው። ማንበብ እወዳለሁ፤ ብዕር ግን እጄን ይከብደዋል። ቢሆንም ስለ አንድ ደግ ሰው የሚያውቁትን ይዞ መሞት ደግ አይደለም፤ ስለ አያ በሪሁን እኔ የማውቀውን የሚያውቅም ብዙ ሰው አልቀረም። ስለዚህ ጻፍኩት። ሳልቸኩል።

ሰቆጣ ከተማ በታች፣ ወንዙ ዳር ካለው ችግኝ ጣቢያ የገባሁት ውሃ ለመቅዳት ነበር። ደመወዙ ትንሽ ነበር፤ ስለ እሱ ይህን ያህል ይበቃል። የጊዜው ካቦ አያ በሪሁን ነበሩ። ረጅም፣ ጎንበስ ያሉ፣ እርምጃቸውም ንግግራቸውም ዝግ ያለ ሰው። አፈር በዓይን ዓይተው አይመርጡም። እፍኝ ሙሉ ይዘግኑና ጨበጥ አድርገው ይለቁታል። የጨበጡት ቅርጹን ከያዘ፣ በጣት ነካ ሲያደርጉት ደግሞ ከፈረሰ፣ «ይኼ አፈር ሰው ነው» ይላሉ። እንደ ጭቃ ከተጣበቀ ሥር ያፍናል፤ እንደ አሸዋ ከፈሰሰ ውሃ አያቆይም። ከጫካው አፈር፣ ከወንዙ አሸዋ፣ ከበረቱ ፍግ እየቀየጥን፣ ያንን ጭብጥ እስኪያልፍ ድረስ ደጋግመን እንነፋዋለን። ከዚያ በየላስቲኩ ይሞላል።

የወይራ ዘር ልቡ ድንጋይ ነው። እንዲሁ ቢዘሩት ዓመት ሙሉ ይተኛል። አያ በሪሁን ዘሩን ጠፍጣፋ ድንጋይ ላይ ያቆሙና ጫፉን በጠጠር ነካ አድርገው ቅርፊቱን ብቻ ይሰብሩታል። እኔ ስሞክር ስንቱን ጨፈለቅሁት! «ቀስ በል ሞላ» ይሉኛል፤ «የምትሰብረው በሩን ነው እንጂ ቤተሰቡን አይደለም።»

ችግኝ ያናግሩ ነበር፤ የሚያናግሩትም በኽምጣና ነው። አንድ ቀን ለምን በአማርኛ እንደማያናግሯቸው ብጠይቃቸው፣ «ገና ሕፃናት ናቸው፤ አማርኛውን አድገው ከመንገድ ይለምዱታል» አሉኝ። እኔም የለመድኩት ከመንገድ ነበርና ሳቅሁ።

ከሁሉ አጥብቀው ያስተማሩኝ ግን የዳስ ነገር ነው። ችግኝ ከመሬት ብቅ ሲል ፀሐያችን አትምረውም። ስለዚህ በመደቡ ላይ ባላ ተክለን፣ ርብራብ አድርገን፣ ሣር እናለብሳለን። በዳሱ ሥር ይለመልማል። ግንቦት ሲጋመስ ደግሞ ሣሩን በጥቂት በጥቂቱ ማሳሳት ነው፤ ውሃውንም መቀነስ፤ በመጨረሻ ዳሱን ጨርሶ ማንሣት። ቅጠሉ ይወፍራል፣ ግንዱ ይቀላል፣ መልኩ ይከፋል። «አሁን ጎለመሰ» ይላሉ ያን ጊዜ። ይህን ሳያይ ለተከላ የወጣ ችግኝ፣ ዝናብ ለጥቂት ቀን ፊቱን ካዞረበት አለቀለት።

ይህን የሚያውቁ ሰው፣ ይህን ያስተማሩኝ ሰው ናቸው በዚያ ዓመት ዳሱን አላነሣም ያሉት።

የጣቢያው አጥር እሬት ነው። እሬት ቀይ አበባውን ሲሰድ አበባ ጠቢ ትመጣለች። እኛ እንዲህ እንላታለን፤ በመጽሐፍ የተከዜ ስም ተሰጥቷታል ብለው የነገሩኝ በኋላ ነው። ወንዱ ከሩቅ ጥቁር ይመስላል፤ ፀሐይ ስታገኘው ግን ሐምራዊ ይሆናል፣ ዞር ሲል ነሐስ ይሆናል፣ ከጅራቱም መሐል ሁለት ላባ ረዝሞ ይወጣል። ሴቷ አመድማ ናት፤ ለዓይን የሚሆን ነገር የላትም። የሁለቱም ምንቃር እንደ ወስፌ ቀጭን፣ እንደ ማጭድ ቆልመም ያለ ነው። እሬቱ ላይ ይቀመጡና ምንቃራቸውን በየአበባው እየሰደዱ ይጠባሉ። ግንባራቸው ቢጫ ዱቄት ይዞ ይወጣል፤ ወፍጮ ቤት የዋሉ ይመስላሉ።

በዚያ ዓመት አንደኛዋ ሴት ለጎጆዋ የወይራውን መደብ ዳስ መረጠች። ከርብራቡ ጫፍ የሸረሪት ድር አምጥታ አሰረች፤ በድሩ ላይ ሣር፣ በሣሩ ላይ የዛፍ ሽበት፣ በሽበቱ ላይ የዶሮ ላባ። በትንሽ ጊዜ እንደ ከረጢት የተንጠለጠለች፣ በጎኗ በር ያላት ቤት ሠራች። ነፋስ ሲመጣ ቤቷ ትወዛወዛለች፤ እሷ ጭንቅላቷን በበሩ አውጥታ ታየናለች።

አያ በሪሁን ይህን እንዳዩ ባርኔጣቸውን አወለቁ።

«አራስ ናት» አሉ። «ከእንግዲህ በዚህ መደብ ድምፅ አይሰማ፤ ዳሱንም ማንም አይንካ።»

ወደ መሣሪያ ቤት ሄደው የተሰበረ ማጭድ አመጡና ከባላው ላይ ሰኩት። በእኛ አገር አራስ ከራስጌዋ ብረት አይለያትም፤ ክፉ ነገር እንዳይቀርባት ነው። ለወፍ ሲደረግ ግን ያን ቀን አየሁ።

አብራን የምትሠራ ብርነሽ የምትባል ሴት ነበረች። አፈር ስትነፋም ስትቀልድም እኩል የምትፈጥን። ማጭዱን ስታይ ወንፊቷን ጣለችው።

«ኧረ አያ! ገንፎውንስ ማን ያገንፋ? እኔ ዛሬ ቅቤ አልያዝኩም።»

«ዝም ብለሽ ሥሪ።»

«ለመሆኑ ወንድ ነው ሴት? ወንድ ከሆነ አርባ ነው። ሴት ከሆነች ግን ሰማንያ ቀን ነው የምንጠብቀው፤ እኔ እስከ ክርስትናዋ ቤቴ ልተኛ!»

«አንቺ ልጅ፣ ድምፅሽ ገደል ይንዳል። አራስ ቤት ነሽ አልኩሽ እኮ።»

ብርነሽ አፏን በነጠላዋ ይዛ እየሳቀች ሄደች። እውነቱን ለመናገር ሁላችንም ወደድነው። ከዚያ ቀን ጀምሮ ከወይራው መደብ ስንደርስ በሹክሹክታ እናወራለን፤ ማጠጫውንም ቀስ አድርገን እናስቀምጣለን። ሥራው በዓል መሰለ።

ያ መደብ ግን ባለቤት ነበረው። ከሰቆጣ ወጣ ብሎ፣ ከአንድ ምንጭ በላይ የተራቆተ ኮረብታ አለ። ምንጩ ከዓመት ዓመት እየቀጠነ ሲሄድ የአካባቢው ገበሬዎች ሽማግሌ አስቀምጠው ተማማሉ፦ ከብት ከኮረብታው ይወርዳል፣ ፍየልም አይወጣም፣ ወይራ ይተከላል። ከብት ማውረድ በአፍ ቀላል ነው። ሣር ከሩቅ እያጨዱ በጀርባ መሸከም ነው፤ ያንንም ቻሉት። ሰዎቹን የሚወክለው ጥሩነህ የሚባል ገበሬ ነበር። ችግኙን ለማየት ወደ ጣቢያው ብቅ ሲል አያ በሪሁንን አንቱ ብሎ፣ ጎንበስ ብሎ ነው የሚሰናበታቸው። «ኮረብታችን እጅዎ ላይ ናት» ይላቸው ነበር።

ግንቦት ተጋመሰ። ወፏ እንቁላሏን ታቅፋ ነበር። ሌሎቹን መደቦች ስናሳሳ የወይራው እንዳለ ቀረ። ሰኔ ገባ። ጫጩቶቹ ተፈለፈሉ፤ አፋቸው ከበሩ ብቅ ይላል። ችግኙ በጥላው ሥር ተመዘዘ፤ እንዲያ ያለ ለምለም ወይራ ዓይቼ አላውቅም።

«አያ፣ ችግኙስ?» አልኳቸው አንድ ቀን።

«ይደርሳል» አሉ። ትንሽ ቆይተው ደግሞ «ሣሩን ብናሳሳ ጭልፊት ያያታል፤ ፀሐዩም ልጆቿን ያቃጥላቸዋል። አራስን ፀሐይ ላይ ታወጣለህ?» አሉኝ።

አላወጣም። ማንስ ያወጣል?

ጫጩቶቹ የበረሩት ተከላው ሲደርስ ነው። የምንጩ ሰዎች አህያ ይዘው መጡና ችግኙን ሲያዩ ሴቶቹ እልል አሉ፤ ቁመቱ፣ ልምላሜው! ጥሩነህ የአያ በሪሁንን እጅ ሊስም ጎነበሰ። እሳቸው እጃቸውን ሰበሰቡ። ያን ጊዜ ፊታቸውን አየሁት፤ ደስታ አልነበረበትም።

ሰዎቹ በዝናብ ተከሉት። ጉድጓዱ ጥሩ፣ እርከኑ ጥሩ፣ ምንም አላጎደሉም። ሐምሌ ላይ ግን ሰማዩ ጠራ፤ ዝናቡም ሄደና ቆየ። ለጎለመሰ ችግኝ ይህ ችግር አልነበረም። እነዚያ ግን ፀሐይን አያውቋትም። ቅጠላቸው ተጠቀለለ፣ ቡናማ ሆነ፣ ከዚያ እንደ ተቆላ ገብስ በእጅ ሲነኩት ተንኮሻኮሸ።

ጥሩነህ አንድ ማለዳ ወደ ጣቢያው መጣ። የደረቀ ችግኝ እንደ ጭራሮ አስሮ በትከሻው ይዟል። አያ በሪሁን እግር ሥር ጣለው።

«ምን አደረግህብን?» አላቸው። አንቱ ሲላቸው የኖረ ሰው ነው።

እሳቸው ጎንበስ ብለው አንዱን አነሡና ግንዱን በጥፍራቸው ፋቅ አደረጉት፤ ከቅርፊቱ ሥር አረንጓዴ የለም።

«የሌላው ቀበሌ ችግኝ ቆሟል። ዝናቡ አንድ፣ መሬቱ አንድ። የእኛ ለምን ሞተ?» ዞር ሲል ባዶ ዳሱን፣ የወፏን ቤት፣ ማጭዱን አየ። «ይኼስ ምንድን ነው?»

አያ በሪሁን ራሳቸው ነገሩት፤ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው፣ አንድም ሳያስቀሩ።

ጥሩነህ ሰምቶ ሲጨርስ ማጭዱን ከባላው ነቅሎ ወረወረው። «እናንተ ወፍ አሳደጋችሁ። እኛ ሁለት ክረምት ሣር በጀርባችን ተሸከምን። ከብቴ ከሳ፣ ሚስቴ ጀርባዋን ታመመች። ሰዎቹን ያማልኩ እኔ ነኝ፤ ምን ብዬ ልግባ?» አለ። ፊቱን አዙሮ ሄደ።

ወዲያው ፍየሎቹ ወደ ኮረብታው ተመለሱ።

የጣቢያው ኃላፊ ደግ ሰው ነበር። አልተቆጣም። «አያ በሪሁን፣ ሪፖርቱ ላይ ድርቅ ብዬ ልጻፈው?» አላቸው። «ድርቁ እኩሌታው ነው፤ እኩሌታው እኔ ነኝ» አሉት። ምን ብሎ እንደጻፈው አላውቅም።

አያ በሪሁን ከዚያ በኋላ ሁለት ነገር ያዙ። አንደኛው ሰው ያሳቀባቸው ነው፦ በየዓመቱ ዳስ ስንሠራ እሬቱ አጥር ሥር ትንሽ ዳስ ለብቻ ይሠራሉ። ሥሯ ምንም አይዘራም። አሮጌ እሾህ ይሰቅሉባታል፣ ሸረሪት እንድታደራበት። «የአራሷ ናት። እዚህ ከገባች ማንም ማንንም አይጎዳም» ይላሉ። ሁለተኛው፣ እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ወደዚያ ኮረብታ ይሄዳሉ። ማንም አላናገራቸውም፤ እሳቸውም ማንንም። የደረቀውን አይተው፣ እርከን የፈረሰበት ካለ ድንጋይ መልሰው ይወርዳሉ።

ወፏ በዓመቱ ተመለሰች። የተሠራላትን ዳስ ዘወር ብላም አላየች። ገብታ ቤቷን የሠራችው እንደገና ከችግኝ መደብ ላይ ነው! አያ በሪሁን መደቡ ዳር ተቀመጡና አገጫቸውን በዱላቸው ላይ አሳረፉ። ግንቦት እየተጋመሰ ነበር። ሰውዬው ሲጨነቁ ማየት ያሳቅቅ ነበር፤ ዳሱን ቢያነሡ አራሷ፣ ባያነሡ ችግኙ።

ብርነሽ አፈር ተሸክማ ስታልፍ አየቻቸው።

«አያ፣ ምን ሆነው ነው? ዘንድሮም ክርስትና አለብን?»

«ተይኝ ብርነሽ።»

«አልተውም። እኔ የምለው፣ አራስ ቤት እንግዳ ሲበዛ ምን ይደረጋል? እንግዳውን ደጅ ያወጡታል እንጂ አራሷን ከነመደቧ ተሸክመው ያወጧታል? እነዚህን የላስቲክ እንግዶች አስወጧቸዋ! ብዙ ተቀመጡ፣ ብዙ ጠጡ፣ ይበቃቸዋል።»

አያ በሪሁን ቀና ብለው አዩዋት። ከዚያ ሳቁ፤ ከዓመት በኋላ መጀመሪያ የሳቁት ያን ጊዜ ነው።

ነገሩ ከአፍንጫችን ሥር ነበር። ዳስ ይነሣል ሲባል ነው የኖርነው፤ ችግኙ ይነሣል ብሎ ያሰበ አልነበረም። ሥሩ ከላስቲኩ አልፎ መሬት እንዳይዝ ችግኙን ብድግ እያደረግን ሥሩን እንቆርጣለን፤ ያ ሥራ ሁልጊዜም አለ። አሁን ብድግ ያደረግነውን ወደ ቦታው መመለሳችንን ትተን ከዛፍ ጥላ ዳር፣ ቀጥሎ ጧት ፀሐይ ከሚያይ ቦታ፣ ቀጥሎ ከሜዳው ወሰድነው። ሥራው ከባድ ነበር፤ ወገባችን ተቆረጠ። ወፏ ወደ እሬቱ ስትሄድ ጠብቀን እንገባለን፤ ስትመለስ ቁጭ ብለን እንጠብቃለን። ባዶ መደብ ላይ፣ በሙሉ ጥላ፣ ልጆቿን አሳደገች። ችግኙም በሜዳው ላይ አጠረ፣ ወፈረ፣ ቀላ፣ መልኩ ከፋ።

ጉዳዩ ግን የምንጩ ሰዎች ነበሩ። ኃላፊው ችግኝ ውሰዱ ብሎ ቢልክባቸው «የእናንተ ችግኝ ከእናቱ ጓዳ ያልወጣ ልጅ ነው፤ አንፈልግም» ብለው መለሱ። አያ በሪሁን በአንዲት አህያ ጫኑና «ና ሞላ» አሉኝ።

ጥሩነህ ደጃፍ ስንደርስ ሰውየው ከቤት አልወጣም። ሚስቱ ወጥታ በሩ ላይ ቆመች።

«እመቤት፣ ችግኝ ነው ያመጣሁ» አሏት።

«አልፈልግም ብሏል።»

«ይትከለው አላልኩም። እዚህ አጥራችሁ ጥግ፣ ድንጋዩ ላይ ላስቀምጠው። ጥላ አትስጡት። ውሃም አትስጡት። ዓይታችሁ ጣሉት።»

አስቀምጠን ተመለስን። ቀኖቹ ጠራራ ነበሩ። በሳምንቱ ስንሄድ ጥሩነህን አጥሩ ጥግ ቁጭ ብሎ አገኘነው። አንዱን ችግኝ ይዞ ግንዱን እያጎነበሰ ይለቀዋል፤ ግንዱ ተመልሶ ይቆማል። ቅጠሉን በጣቱ መሐል አሸት አደረገው።

«ይኼ ፀሐይ ያውቃል» አለ፣ ማንንም ሳያይ።

«ያውቃል» አሉ አያ በሪሁን።

«ወፏስ?»

«አሳደገች። ልጆቿም ወጡ።»

ችግኙን ድንጋዩ ላይ መልሶ አቆመው። ከዚያ «ሰዎቹን እንደገና ለማማል ፊት የለኝም» አለ። «አንቱ ይምጡና ይናገሩ። ያለፈውንም ሳይደብቁ። ከዚያ እነሱ ያውቃሉ።»

አያ በሪሁን ሄደው ተናገሩ። ያሉትን ደግሜ አልጽፈውም፤ ለጥሩነህ እንደነገሩት ነው፣ አንድም አልጎደለም። ሰዎቹ ፍየላቸውን መልሰው አወረዱ። ያ ክረምት እኛም ሄደን አብረን ተከልን፤ ጥሩነህና አያ በሪሁን አንድ እርከን ላይ ጎን ለጎን ነበሩ። ዝናቡ ያን ዓመትም በመሐሉ ቀረ። ችግኙ ግን ቆመ።

ከዚያ በኋላ ወደ ኒሯቅ ተላክሁ። ቆላ ነው፤ ድንጋዩ ማታም አይበርድም። እዚያ የምትመጣው አበባ ጠቢ ሌላ፣ አነስ ያለች ናት። ቀጥሎ ወደ ፃግብጂ ሄድኩ፣ ካቦም ሆንኩ። በሁለቱም ቦታ ከአጥሩ ሥር ትንሽ ዳስ ሠራሁ። አለቆች ሲጎበኙ «ይኼ መደብ ለምን ሥራ ፈታ?» ይሉኛል። አንዱ ቲማቲም እንድዘራበት አዘዘኝ፤ ዘራሁ፣ ሲዛወር ነቀልኩት። ወፊቱ አንድም ዓመት ገብታባት አታውቅም። ሁልጊዜ ከችግኝ መደብ፣ ወይም ከጥበቃው ጎጆ፣ አንድ ጊዜማ ከልብስ ማስጫው ገመድ! እኛም እንግዶቹን እያስወጣን ኖርን።

ወደ ሰቆጣ ስመለስ አያ በሪሁን ዓይናቸው ደክሞ ቤት መዋል ጀምረው ነበር። ልጠይቃቸው ስገባ ሰላምታውን እንኳ ሳይጨርሱ «ኮረብታው እንዴት ነው?» ይላሉ።

«ወይራው ወገብ ደርሷል አያ።»

«ምንጩስ?»

«ዘንድሮ በጋውን አልደረቀም ይላሉ።»

«ጥሩነህ እንዴት ነው?»

«ደህና ነው። ሰላም በል ብሎኛል።»

ይህን ሲሰሙ ትራሳቸው ላይ ዘንበል ይላሉ። አንድ ቀን ግን «ሰላም ማለት ሌላ ነው ሞላ» አሉኝ። «ሰውየው ይቅር አለኝ፤ አውቃለሁ። ወፏን ግን ይቅር ብሏት ይሆን? እሷ ምን አደረገች?» ያረፉት ወይራው ፍሬ ሳይሰጥ ነው። ወይራ ለተከለው አይቸኩልም።

ክፉው ጊዜም መጥቶ አለፈ። ጣቢያው ተዘግቶ ከርሞ ስንመለስ ያገኘነው የእሬቱን አጥር ብቻ ነው፤ ባላውም ቆርቆሮውም የለም። እሬቱ ግን አብቦ ነበር፤ ወንዱም ከላዩ ሐምራዊ ሆኖ ተቀምጧል። ከዚያ ጀመርን። አሁን ዳሱ በብረት ላይ የተዘረጋ አረንጓዴ መረብ ሆኗል፤ ትርሐስ እንደ መጋረጃ በገመድ ትስበዋለች። ጎበዝ ናት። እኔ ጧት ሙሉ የምሠራውን እሷ ሻይ ሳትጠጣ ትጨርሰዋለች። በስልኳ ወፍም ታሳየኛለች፤ አንድ ጊዜ በባሕር መሐል ካለች ሙቅ ደሴት በቀር የትም የማትገኝ ትንሽ ወፍ አሳየችኝ። አበባ ፊት በአየር ላይ ቆማ ትጠባለች፤ ክንፏ አይታይም። «የእኛዋ ተቀምጣ ነው የምትጠባ፤ ደገኛ ስለሆነች አትቸኩልም» አልኳት። የዚያች ደሴት ሰዎችስ ወፏ ጎጆ ስትሠራ ምን ይሉ ይሆን? ያን ስልኩ አልነገረንም።

ጽሑፌን እዚህ ላይ ላቆመው ነበር። ባለፈው ጥቅምት ግን ትርሐስ ከቤቴ ድረስ መጣች።

«አያ ሞላ፣ የወይራ ዘር አጥተናል። ጥሩ እናት ዛፍ ያለው ከምንጩ በላይ ነው ይላሉ። ሰዎቹ ደግሞ ያለ አባ ጥሩነህ ፈቃድ ቅርንጫፍ አያስነኩም። ይምጡልኝ።»

ሄድን። ጥሩነህ አሁን አባ ጥሩነህ ሆኗል፤ እንደ እኔ በዱላ ነው። ተቃቅፈን ብዙ ተሳሳምን። ኮረብታው ጫካ ሆኗል፤ ከሥሩ ምንጩ ሲፈስ ይሰማል። ልጆቻችን የሚሆኑ ጎልማሶች ሸራና መሰላል ይዘው ተከተሉን። አባ ጥሩነህ ከፊት ከፊት እየመራ፣ ዛፍ በዛፍ እያሳየ ወጣ።

ከሁሉ የበለጠው ዛፍ ከአንድ ትልቅ ቋጥኝ ጀርባ ነበር። ግንዱ ወፍራም፣ ፍሬው ጠቁሮ ቅርንጫፉን ያጎነበሰ፤ የሌሎቹ ፍሬ ገና አረንጓዴ ነበር።

«ይኼስ ከየትኛው ተከላ ነው?» አልኩት፤ ከሌሎቹ በዕድሜ እንደሚበልጥ ያስታውቃል።

«ከመጀመሪያው። ከሞቱት ነው። እዚህ ቋጥኙ ጥላ ሆነው፣ ከፍየልም ሸሸገውና ዳነ። አያ በሪሁን ሲመጡ ከዚህ ነበር የሚቀመጡ፤ እኔ ከታች ሆኜ አያቸው ነበር።»

ትርሐስ ዛፉን ስታይ ዓይኗ በራ። «አያ ሞላ፣ ከዚህ አንድ ዛፍ ብቻ የዓመቱን እናገኛለን!» አለች፤ ድምፅዋ ኮረብታውን ሞላው። ጎልማሶቹ ሸራውን ሊዘረጉ ተጠጉ።

አባ ጥሩነህ ዱላውን አግድም ዘረጋና አቆማቸው።

«ዝቅ አድርጊ ልጄ» አላት፣ እሱ ራሱ በሹክሹክታ። «ከዚህኛው አይለቀምም። አራስ አለች።»

መጀመሪያ ያየሁት ማጭዱን ነው። የተሰበረ፣ የዛገ ማጭድ፣ ከዛፉ ግንድ ላይ ተሰክቷል። ከዚያ ዓይኔን ወደ ላይ አነሣሁ። ከታችኛው ቅርንጫፍ ጫፍ፣ በሸረሪት ድር የታሰረች፣ በዛፍ ሽበት የተሸፈነች ከረጢት ተንጠልጥላለች። በበሩ በኩል ቆልመም ያለ ምንቃር ያለው ትንሽ ራስ ወጥቶ ያየናል።

እንደ አያ በሪሁን ባርኔጣዬን አወለቅሁ።

ትርሐስ ወደ ወፏ፣ ወደ ማጭዱ፣ ወደ እኔ አየች። ዘሩ ያስፈልጋት ነበር፤ መደቡ አፈሩን ይዞ እየጠበቃት ነው። ቀስ ብላ ጎንበስ አለችና የሸራውን ጫፍ አጠፈች።

«መቼ እንመለስ አባ?» አለችው፣ በሹክሹክታ።

«ከአልጋ ስትነሣ።»

«መቼ ነው የምትነሣ?»

አባ ጥሩነህ ጥቂት አሰበ። «ወንድ ከሆነ አርባ» አለ። «ሴት ከሆነች ግን እንግዲህ ምን ይደረጋል፤ ሰማንያ ነው።»

ብርነሽ ብትሰማው እላለሁ። አያ በሪሁን ቢሰሙት።

ባዶ ከረጢታችንን ይዘን፣ ያንን ሁሉ ጥቁር ፍሬ ከላያችን ትተን ወረድን። ምንጩ ድረስ ማንም ድምፁን ከፍ አላደረገም።